ያልተቆረጠው 3 ከመቶ

ፔሮል ላይ ያረጀ ሰው መንግሥትን የሚያውቀው በተቆራጭ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁት ጎንደር ካለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከደመወዝ ክፍል ነው። የሥራ ግብር፣ ጡረታ 7 ከመቶ፣ ብድርና ቁጠባ፣ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ፣ ቀይ መስቀል፣ የመሥሪያ ቤቱ ዕድር፣ የሠርግና የለቅሶ መዋጮ፤ ሁሉም በእጄ አልፏል። የሰውን የተጣራ ደመወዝ ከሚስቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። (ቤቱ ገብቶ ሌላ ቁጥር የሚናገር ነበረ። አውቃለሁ። ያኔም አልተናገርኩ፣ አሁንም አልናገርም።)

ከዚህ ሁሉ መሃል በአዋጅ የታዘዘ፣ እኔ ከዚያ ወንበር እስክነሣ ድረስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሲቆረጥ ያላየሁት ተቆራጭ አለ። የማኅበራዊ ጤና መድን 3 ከመቶ።

አዋጁ ቁጥር 690/2002 ነው። ፓርላማ አጽድቆታል፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ቀጥሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 271/2005 መዋጮውን ወሰነ፤ ከሠራተኛው 3 ከመቶ፣ ከአሠሪው 3 ከመቶ። የመንግሥት ሠራተኛ ይገባል፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ይገባል፣ ጡረተኛም ይገባል። የሚያስፈጽም ኤጀንሲም ተቋቋመለት። አንድ ሕግ ከዚህ በላይ ምን ይሟላለት?

እኛ ጋ ቅጽ መጣ። የባል፣ የሚስት፣ የልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ ጉርድ ፎቶ። ሠራተኛው ፎቶ ሊነሣ ፒያሳ ወጣ። እኔም ኤክሴሌ ላይ ከጡረታው ቀጥሎ አንድ ዓምድ ከፈትኩ። «ጤ/መድን» ብዬ ጻፍኩበት። ቀመሩንም አስገባሁ፤ ያልተጣራ ደመወዝ ሲባዛ በ0.03። «ከሐምሌ ጀምሮ ነው» ተባለ። ሐምሌ ሲደርስ «ትንሽ ቆዩ» ተባለ። በሚቀጥለው በጀት ዓመትም እንዲሁ። ዓምዱን ላጠፋው አልደፈርኩም፤ አዋጅ ነዋ! ሃይድ አድርጌ ተውኩት። ኮምፒውተር ሲቀየርልኝ ፋይሉ ከነድብቅ ዓምዱ ወደ አዲሱ ተገለበጠ። እኔን የተካችው ልጅ እስካሁን ሳታገኘው አትቀርም፤ ጎበዝ ናት።

ያኔ የገረመኝ መዘግየቱ አልነበረም። ደብዳቤ አለመኖሩ ነው። እኛ ቤት የአምስት ብር ተቆራጭ ለመጀመርም ለማቆምም ደብዳቤ ይመጣል፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚታይ ነው። ይሄ ግን በስልክ ቆመ። «ማን አራዘመው?» ስል «ከላይ ነው» አሉኝ። ከላይ የቱ ጋ? ዝም።

ማንም አልጮኸም። እውነቱን ለመናገር ሰው ደስ አለው። 4,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ያለው ሰው በወር 120 ብር ተረፈለት። ነገሩ በተነሣ ቁጥር ኮሪደር ላይ የሚባለው አንድ ነበር፤ «መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል ልታከም ነው ከልጆቼ አፍ የምትቆርጪው?» ቆራጯ እኔ የሆንኩ ይመስል። ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። ተመርምሮ «ከውጭ ግዛ» ተብሎ ወረቀት ይዞ የወጣ ሁሉ ይጠይቀዋል። መንግሥትም የጤና ተቋማቱ ዝግጁ አይደሉም ይል ነበር። ሊሆን ይችላል። ዝግጁ አይደሉም ያለው ሰው ግን ስሙና ፊርማው የት ነው?

ይህን ነገር እንደ አዲስ ያስነሣብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ መኪና ማቆሚያ ይሠራል። ሲደውል ሰላምታው ሁለት ደቂቃ፣ ፖለቲካው አንድ ሰዓት ነው። እነሱ «ኦባማኬር» የሚሉትን ሕግ ኦባማ የፈረመው እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2010 ነው። በእኛ ሲቆጠር መጋቢት 14 ቀን 2002። እንግዲህ የእነሱም የጤና መድን ሕግ የ2002 ነው፣ የእኛም የ2002። እኩያሞች ናቸው።

የእነሱ ሕግ አንዱ ክፍል እንዲህ ይላል። 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሠራተኞቹ የጤና መድን ያቅርብ። ካላቀረበ፣ የመጀመሪያዎቹን 30 ሰዎች ሳይቆጥር ሕጉ ሲወጣ በተቀመጠው ልክ በነፍስ ወከፍ 2,000 ዶላር በዓመት ይቀጣል። መጀመሪያው እ.ኤ.አ. 2014። ወንድሜ (የአክስት ልጅ ወንድም ነው እኛ አገር) የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛው ከ50 ያልፋል። ቀኑን ሲቆጥር ነበር።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2013፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ የነጻነት በዓላቸው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በድረ ገጹ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ቅጣቱ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል፤ ከ2015 ይጀምራል። በየካቲት 2014 ደግሞ ከ50 እስከ 99 ሠራተኛ ላላቸው ወደ 2016 ገፋው። የወንድሜ አለቃ አንድ ቃል ብቻ ነገረው፤ «ተራዝሟል»። ደውሎ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። እኔም እዚህ ለሰው የምናገረው እሱኑ ነበር።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ አገር አበደ።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውን ይከታተል የሚል ግዴታ አለበት። ተቃዋሚዎቹ ያንን መዝዘው ያዙ። ኮንግረስ ቀኑን በሕግ ጽፎታል፤ ፕሬዚዳንት ደስ ሲለው ይፈጽማል፣ ደስ ሳይለው ያራዝማል ማለት ነው ወይ? ዛሬ ኦባማ የጤናውን ካራዘመ፣ ነገ ሌላው መጥቶ የግብሩን ቢያራዝም ማን ይከለክለዋል? የኦባማ ሰዎች ደግሞ መልሳቸው፣ አዲስ የግብር ግዴታ ሲጀመር መሸጋገሪያ ጊዜ መስጠት የግምጃ ቤቱ የቆየ ሥልጣን ነው፣ ሕጉን አልሻርነውም፣ እንዲሠራ እያመቻቸነው ነው የሚል ነበር።

አስቂኙ ነገር ከሳሾቹ እነማን እንደሆኑ ነው። ያንን ሕግ ከነሥሩ ለመንቀል ደጋግመው ድምፅ የሰጡት ሪፐብሊካኖች ናቸው «ሕጉ ለምን በቀኑ አልተፈጸመም?» ብለው የተቆጡት። ጠላት ለቀብር ቀድሞ ሲደርስ እንደማየት ነው። የኦባማም ወገን አላነሰም። በዚያው ሐምሌ ወር ሪፐብሊካኖች የሚበዙበት የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት፣ «ማራዘም ከፈለግህ እኛው በሕግ እናራዝምልህ» ብሎ ረቂቅ አጸደቀ፤ 264 ለ161፣ ከራሱ ፓርቲ የደገፉ ነበሩበት። ዋይት ሐውስ ምን አለ? አያስፈልግም፣ እኔ ጋ ከደረሰ ድምፅን በድምፅ እሽረዋለሁ። ራሱ ያደረገውን ነገር ሲፈቅዱለት እምቢ አለ። እኔ እንደገባኝ፣ ፈቃዱን ከተቀበለ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር ማለት ይሆናላ። እኛም ቤት አንድ ኃላፊ ነበሩ፤ የውሎ አበል አጽድቁ ሲባሉ የሚቆጡ፣ ሳይጠየቁ ግን የሚሰጡ።

ቀጥሎ ክስ መጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2014 የተወካዮች ምክር ቤቱ 225 ለ201 በሆነ ድምፅ አስፈጻሚውን እንዲከስ ተፈቀደለት፤ በኅዳር ከሰሰ። ክሱ ሁለት ነገር ነበረው። አንዱ የአሠሪዎቹ ጉዳይ መራዘሙ። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሕጉ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ሲታከም ከኪሱ የሚወጣውን እንዲቀንሱለት መድን ድርጅቶቹን ያዝዛል፤ መንግሥት ደግሞ ያንን ይተካላቸዋል። ምክር ቤቱ፣ ለዚህ መተኪያ በጀት አላጸደቅንም፣ ከየት አምጥታችሁ ነው የምትከፍሉት አለ።

ዳኛዋ ሮዝሜሪ ኮሊየር ይባላሉ። በ2015 ሁለቱን ለያዩአቸው። በበጀቱ መክሰስ ትችላላችሁ አሉ፤ ካዝናው የእናንተ ነውና። አፈጻጸም ዘገየ በሚለው ግን አትችሉም። ሕግ በትክክል አልተፈጸመም ማለት ብቻውን ምክር ቤቱን ከሳሽ የሚያደርግ ጉዳት አይደለም። በግንቦት 2016 በበጀቱ ለምክር ቤቱ ፈረዱ፤ ይግባኙ እስኪታይ ግን ክፍያው ይቀጥል አሉ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ጩኸት የተነሣበት ዋናው ጥያቄ፣ ፕሬዚዳንት የሕግን ቀን መግፋት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው፣ በዚያ ክስ መልስ ሳያገኝ ቀረ። አሜሪካ ሁሉ ነገር በፍርድ ቤት ይፈታል ለሚሉ ወዳጆቼ ይህችን አስታውሱልኝ።

የተፈራው «ነገ ሌላው ሲመጣ» ግን ብዙም አልቆየ። ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2017፣ በተሾሙበት ዕለት፣ ባለሥልጣኖቻቸው ሕግ እስከፈቀደላቸው ድረስ የዚያን ሕግ ሸክሞች እንዲተዉ፣ እንዲያዘገዩ፣ እንዲያቀሉ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። በጥቅምት ደግሞ ያንን መተኪያ ክፍያ አቆሙት፤ በጀት የለውም ተብሏልና። መድን ድርጅቶቹ ግን ለድኻው ቅናሽ የመስጠት ግዴታቸው አልቀረም። ምን አደረጉ? ብዙ ቦታ «ሲልቨር» በሚባለው የመድን ዓይነት ዋጋ ላይ ጫኑት። ሰው መድን ሲገዛ የሚያገኘው የመንግሥት ድጎማ የሚሰላው ደግሞ በዚያው በሲልቨር ዋጋ ነው። ስለዚህ ድጎማው አብሮ ወጣ። የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ክፍያውን ማቆም ለመንግሥት ወጪ እንደሚጨምር አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር።

ወንድሜ አሠሪው ሲያራዝምበት ያው ሕግ በከፈተው የመድን ገበያ ገብቶ የራሱን መድን ገዝቶ ነበርና በእሱ ላይ ሲደርስ አየሁት። በመጀመሪያ የገበያው የሜሪላንድ ድረ ገጽ በተከፈተ ቀን ተበላሽቶ ሲያንገላታው ከረመ። በኋላ ደግሞ ክፍያው ቆመ ሲባል እንቅልፍ አጣ። አዲሱ ዋጋ ሲወጣ ደወለልኝ። «እታለሜ፣ ቆረጥንባችሁ ብለው ጨመሩልን እኮ!» አለ። ከዚያ ቀጥሎ የተናገረው ስለ ሁለቱም ፓርቲ ነው፤ እዚህ አይጻፍም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ሥልጣን ሲዘረዝር ከሁሉ ያስቀደመው፣ በተወካዮች ምክር ቤት የወጡ ሕጎች በሥራ መተርጎማቸውን ማረጋገጥ ነው። ተወካዮቹ ደግሞ በአንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርተው የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አላቸው። ከአሜሪካኖቹ ጽሑፍ የሚያንስ አይደለም። የሚያንሰው ጠያቂው ነው።

መንግሥት አይችልም እንዳልል ደግሞ እኅቴን አያለሁ። ቆላድባ ናት፣ ደምቢያ፣ ገበሬ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አላት። ያ ፕሮግራም በ2003 በሙከራ ሲጀመር በክልላችን ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ፎገራ ነው። ሲጀምር የፌዴራል አዋጅ አልነበረውም፤ በክልል መመሪያ ነው የተነሣው። ቀበሌው ቤት ለቤት ዞረ። ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ብር ሲይዝ ዓመታዊውን ከፈለ። መክፈል ላልቻለው መንግሥት ከፈለለት። ደብተሯን አይቼዋለሁ፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ፎቶዋ ላይ ያለው ማኅተም ግማሹ ግንባሯ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ይዛው ትገባለች፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል ትመጣለች። መድኃኒት ሲጠፋ እሷም እንደ ሁላችን ትራገማለች። ቢሆንም ተኝታ ስትታከም በግ አልሸጠችም።

እስቲ አስቡት። አዋጅ ያልነበረው ለገበሬው ተፈጸመ። አዋጅ ያለው ለደሞዝተኛው ቆመ። እንግዲህ የሚያስኬደውም የሚያስቆመውም አዋጁ አይደለም ማለት ነው፤ የአስፈጻሚው ልብ ነው። ደግሞ የት አገር? ደምቢያን ወባ ከፈጃት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተበት፣ የመጀመሪያዎቹ ጤና መኮንኖች ሠልጥነው በየገጠሩ የተበተኑበት ጎንደር ላይ ሆነን ነው ይህን የምናወራው።

አንድ ሌሊት የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ተረኛ ሆኖ አንጀቱ ታጠፈ። ጎንደሬ ይህን በሽታ ያውቀዋል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ በባጃጅ ወሰዱት፤ በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ጠዋት ሚስቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የመድኃኒት ማዘዣ ቋጥራለች፤ ጓንት፣ ጉሉኮስ፣ አንቲባዮቲክ፣ ሁሉም «ከውጭ»። የእሱ ደመወዝ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።

የመዋጮ ወረቀት አዞርኩ። ስም፣ የገንዘብ ልክ፣ ፊርማ። አንዳንዱ 50፣ አንዳንዱ 200። ያ «ከልጆቼ አፍ» ሲል የነበረው ሰው 300 ፈረመ። ኃላፊው ከረፋዱ በፊት መሩበት፤ «ከወሩ ደመወዝ ይቆረጥ»። እኔም «ልዩ መዋጮ» ብዬ ዓምድ ከፈትኩ፤ ከድብቁ ዓምድ አጠገብ። አዋጅ የለው፣ ደንብ የለው፣ ነጋሪት ጋዜጣ የለው። በዚያው ወር ተቆረጠ።

ይህን ሁሉ ለአንድ ጎረቤቴ ልጅ ነገርኩት፤ ማራኪ በኩል ቢሮ ያለው ጠበቃ ነው። ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነው።

«እትየ፣ ክስ ካሰቡ ከሳሹ ማን ይሁን?» አለኝ። «የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 33፣ በክርክሩ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ አይሆንም ነው የሚለው። እርስዎ ምን ጎደለብዎ? 3 ከመቶው አልተቆረጠብዎ።»

«ጥበቃው አለ» አልኩት።

«ጥበቃው ታከመ፣ ተከፈለለት፣ ዳነ።»

«የከፈልነው እኛ ነና!»

«እሱማ በፈቃዳችሁ ነው። ፈርማችኋል።»

የዋሽንግተኗን ዳኛ ነገር ሳያነብ እንደሷ ፈረደብኝ። ሦስተኛውን ቡና ሳልቀዳ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኩት፤ አንቀጽ 55 ላይ ጥቅምህን አሳይ የሚል ነገር የለም። የምክር ቤት አባል ስለሆነ ብቻ ተነሥቶ «ይህን አዋጅ ማን፣ በየትኛው ደብዳቤ፣ እስከ መቼ አራዘመው?» ማለት ይችላል። «እሱ ልክ ነዎት» አለ፤ «ታዲያ ተመራጫችን ዘንድ ይሂዱ።»

ልሄድ ነው። ጎንደር ሲመጣ የት እንደሚገኝ የምታውቁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ።